«60 ሺህ ብር ተቀበይና ከእንግዲህ ቀለብ አትጠይቂ»

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአባቷ ጋር የተፋታነው ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ልጅቷ ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ አባቷ በወር 1,800 ብር ቀለብ እንዲከፍልና ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያያት ተወሰነ። ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። አሁን ሥራውን ለቆ በራሱ መኪና ሰው ያመላልሳል፤ ሌላም የሚነግደው ነገር እንዳለ እሰማለሁ። አግብቶም ወልዷል።

መጀመሪያ አካባቢ በወቅቱ ይከፍል ነበር። ከዚያ አንዱን ወር ሲከፍል ሌላውን ሲዘል ቆየ፤ አንዳንዴ በቴሌብር፣ አንዳንዴ በእጅ። አሁን ይኸው አምስት ወሩ፣ ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም። ስደውልለት ‹ሌላ ቤተሰብ አለኝ፣ ከየት ላምጣ› ይለኛል። እኔም ተናድጄ ከሦስት ወር ወዲህ ልጅቷን እንዳያያት ከልክያለሁ። የማይከፍል ሰው ምን ሊያይ ነው? ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹60 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ልስጣትና ከእንግዲህ ቀለብ አልጠይቅም ብላ ትፈርምልኝ› ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። የትምህርት ቤት ክፍያ ተጠራቅሞብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ አጓጉቶኛል። እናቴም ‹ተቀብለሽ ተገላገይ› ትለኛለች። ልፈርም? ካልፈረምኩስ፣ 1,800 ብር በዛሬ ኑሮ ምን ያደርጋል፣ ማስጨመር ይቻላል? ያልከፈለውንስ አገኘው ይሆን?»

እህቴ፣ አትፈርሚ።

ሌላው ጥያቄሽ ሁሉ ጥቂት ቀን ቢያድር ምንም አይሆንም። ይኼኛው ግን ሽማግሌዎቹ እጅ ላይ ያለ ወረቀት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት አብረን እንቁጠር። ልጅሽ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አካለ መጠን እስክታደርስ፣ ማለትም 18 ዓመት እስኪሞላት፣ ገና 10 ዓመት ይቀራታል። ይህ 120 ወር ነው። በዛሬው 1,800 ብር፣ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት፣ 216,000 ብር ይመጣል። ከሚሰጥሽ 60,000 ላይ የአምስቱን ወር ውዝፍ 9,000 ብር ቀንሺ፤ እሱ ድሮም የልጅሽ ነው። የሚቀረው 51,000 ብር ለ28 ወር ይበቃል። ልጅቷ አሥር ዓመት ተኩል ሳይሞላት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ብቻሽን ልትሸከሚው ነው። ሰውየው ሒሳብ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሒሳቡ ይከብዳል። ቀለቡ የአንቺ ገንዘብ አይደለም። በእጅሽ ስለሚገባ የአንቺ ይመስልሻል፤ ባለመብቷ ግን ልጅቷ ናት፣ አንቺ ተቀብለሽ የምታውይላት ሞግዚቷ ነሽ። የራስሽ ያልሆነውን መብት ደግሞ ሸጠሽ ልትጨርሺው አትችዪም። ሕጉም ቀለብን እንደ ሌላው ገንዘብ ለማንም የሚተላለፍ መብት አድርጎ አያየውም፤ ወላጆች ስለ ልጅ የሚያደርጉት ስምምነትም ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ የልጁን ጥቅም የማይጎዳ መሆኑ ታይቶ መጽደቅ አለበት። ስለዚህ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚለው ፊርማሽ ነገ ልጅቷ ቢቸግራት ፍርድ ቤት ከመሄድ አያግድሽም። ታዲያ ምን ይጎዳኛል ትዪ ይሆናል። ይጎዳሻል፤ የሄድሽ ዕለት ሰውየው ያንን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ «ተስማምተን ጨርሰናል፣ ገንዘቡን በልታ ነው የመጣችው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅቷ ፍላጎት መነጋገሩ ይቀርና ስለ አንቺ ፊርማ ስትከራከሪ ወራት ያልፋል።

ገንዘቡን እምቢ በዪ ግን አላልኩም። ሰው የሚሰጥሽን ገንዘብ መመለስ ኩራት እንጂ ብልኅነት አይደለም፣ ያውም የትምህርት ቤት ዕዳ አንገትሽ ድረስ ደርሶ። ለሽማግሌዎቹ እንዲህ በያቸው፦ «60 ሺሁን ቢሰጥ እቀበላለሁ። ከእሱ ላይ ያልከፈላቸው ወራት ይነሱ፤ የቀረው ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ያለ ቀለብ በቅድሚያ ተከፈለ ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ወርሃዊው ይቀጥላል። ጽሑፉንም መዝገባችን ላይ አቅርበን እናስጸድቀው።» ሽማግሌዎቹ ቅን ከሆኑ ይህን አይጠሉትም። ሰውየው ከጠላው ደግሞ ሊገዛ የፈለገው ምን እንደነበር ታወቀ።

አሁን ወደማትወጂው ነገር ልምጣ። ልጅቷን መከልከልሽ ስህተት ነው።

ንዴትሽ ይገባኛል። ቅዳሜ መጥቶ አይስክሬም ገዝቶላት፣ «የእኔ ማር» ብሏት ይሄዳል፤ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤት ክፍያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ግን የተሻሻለውን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ተመልከቺ። አንቀጽ 113 ፍቺ ሲወሰን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ትምህርቱ፣ ጤናው፣ ቀለቡ እንዴት እንደሚሆን፣ ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚገናኙ ፍርድ ቤቱ እንዲወስን ያዛል። ቀለብና መገናኘት እዚያ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ አንዱ የሌላው ዋጋ ተደርጎ ግን አልተጻፈም። እሱ «ካላየኋት አልከፍልም» ሲል እንደማይሠራለት ሁሉ፣ አንቺም «ካልከፈልክ አታያትም» ስትዪ አይሠራልሽም። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ጥፋት እያጠፋችሁ ነው፣ የእሱ ገንዘብ ስላለበት ብቻ የከፋ ይመስላል።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አምስት ወር ያልከፈለ አባት ችሎት ሲቀርብ መልስ የለውም። አንቺ ሦስት ወር ከልክለሽው ከሆነ ግን መልስ ሰጠሽው ማለት ነው። ዳኛው ስለ ቀለቡ ሲጠይቀው እሱ ስለ ናፈቃት ልጁ ያወራል። አልፎም የልጅ አያያዝ ውሳኔ በአዲስ ሁኔታ ሊታይ የሚችል ስለሆነ «እናቷ ከእኔ እየነጠለቻት ነው» ብሎ አቤቱታ የሚያስገባበትን በር በራስሽ እጅ ከፈትሽለት። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ቅዳሜን መልሺለት። ይህን የምልሽ አባትዬው ጠጥቶ የማይመጣ፣ ልጅቷን የማይመታ፣ ይዟት የማይጠፋ ሰው ነው ብዬ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ ግን መከልከሉን ራስሽ አትወስኚው፤ ግንኙነቱ ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን ወይም እንዲታገድ ፍርድ ቤቱን ጠይቂ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ እህቶች የሚያምታቱት ነገር አለ። አንቺም በአንድ ትንፋሽ ነው የጠየቅሽኝ፦ ማስጨመርና ያልተከፈለውን ማግኘት። እነዚህ ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች ናቸው። ያልተከፈለውን ለማስከፈል አዲስ ክርክር አያስፈልግሽም፤ ፍርዱ አለ፣ ሰውየው የፍርድ ባለዕዳ ነው፣ አንቺ የምትከፍቺው የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም ያለው ፍርድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት መዝገብ ነው። ማስጨመር ግን ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ነው፤ እሱ ማስረጃ፣ መልስ፣ ክርክር አለው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልላ «መጀመሪያ ይጨመርልኝና ሁሉንም በአንዴ አስከፍለዋለሁ» ብላ የጠበቀች ሴት፣ ጭማሪው እስኪወሰን ውዝፉ እየራቀ ይሄድባታል።

ውዝፍ ሲርቅ ደግሞ ይጠፋል። ይህን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ቀለብ የዕለት ኑሮን ለማቆም የሚሰጥ ስለሆነ ሕጉ ሳይጠየቅ የተከማቸ ውዝፍን እንደ ተራ ብድር ለዓመታት አቆይቶ አይጠብቅልሽም፤ ገደቡ በወራት የሚቆጠር አጭር ነው። አምስት ወር ዝም ብለሻል። «እስቲ ልታገሠው» የሚባለው ትዕግሥት እዚህ ላይ የልጅሽን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ማመልከቻሽ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ተቀባይ) ጋ ይግባ። ስትሄጂም የተከማቸው ዕዳ ያለፈ ታሪክ ሳይሆን ዛሬም ልጅቷን እየጎዳ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ያዢ፦ ትምህርት ቤቱ «ክፈዪ» ብሎ የጻፈልሽ ማስታወቂያ፣ የተበደርሽበት ወረቀት፣ ያለፈሽ የሕክምና ቀጠሮ።

ለአፈጻጸሙ የምትይዢው ይህን ነው። የውሳኔው ትክክለኛ ግልባጭ፣ ማኅተም ያለው። ከጠፋሽ የመዝገብ ቁጥሩን ይዘሽ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ታወጪዋለሽ። ከዚያ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ወረቀት ላይ የምትሠሪው የወራት ሰንጠረዥ፦ ወሩ፣ መክፈል የነበረበት፣ የከፈለው፣ በምን እንደከፈለ። የቴሌብር ታሪክሽን አውጪ። በእጅ የሰጠሽንም፣ ማስረጃ ባይኖረው እንኳ፣ ጻፊለት። አንዳንዷ «ማን አየ» ብላ በእጅ የተቀበለችውን ትዘላለች፤ ከዚያ አባትዬው አንድ ምስክር ይዞ ይመጣና እውነት የሆነው የቀረው ሰንጠረዥ ሁሉ ይጠረጠራል። የ1,800 ብር ውሸት የአምስት ወር እውነት ያበላሻል።

ቀጥሎ ጥያቄው «ከምን ይከፈል» ነው። ሰውየው እንደ ድሮው ደመወዝተኛ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፣ ሒሳብ ክፍሉ በየወሩ ቆርጦ ያስገባል። በግል ድርጅት ለተቀጠረ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ግን ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። (ቋንቋችን የሚገርም ነው፤ «ቀለብ ተቆረጠላት» ስንል ተወሰነላት ማለታችን ነው። የአንቺው ሰውዬ መቁረጥን በሌላ ትርጉሙ ይዞት ነው እንጂ።)

አሁን ግን ደመወዝ የለውም። እንግዲህ ያለውን ንብረት የምታመላክቺው አንቺ ነሽ። ፍርድ ቤት ዳኝነት እንጂ ፍለጋ ሥራው አይደለም፤ የት ባንክ ሒሳብ እንዳለው፣ መኪናው ሰሌዳው ስንት እንደሆነ፣ ንግዱ የት እንደሆነ ስትጠቁሚ ነው ትእዛዝ የሚጻፈው። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር መዝግቢ፤ በስሙ መሆኑን መንገድና ትራንስፖርት እንዲገልጽ ይታዘዝልሻል። እዚህ ላይ ግን ምክሬን ስሚኝ፦ መኪናውን ለመሸጥ አትቸኩዪ። ሰውየው የሚበላው በዚያች መኪና ከሆነ መተዳደሪያ መሣሪያዬ ናት ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ቢሳካልሽ እንኳ የምትታለበውን ላም አርደሽ ቆዳዋን ልትሸጪ ነው። መኪናዋ እንዳትሸጥና እንዳትተላለፍ ማሳገድ ብዙ ጊዜ ከመሸጧ የበለጠ ሥራ ይሠራል። መኪናውን መለወጥ ወይም መሸጥ ያማረው ዕለት ራሱ ወደ አንቺ ይመጣል። ንብረት የለኝም ካለም ችሎት ቀርቦ በመሐላ እንዲያስረዳ እንዲጠራ ጠይቂ። ስልክ ላይ «ከየት ላምጣ» ማለትና ዳኛ ፊት ማለት አንድ አይደለም።

ወደ ጭማሪው ልለፍ። አንቀጽ 113 ራሱ ውሳኔው ሲሰጥ የነበረው ሁኔታ ከተለወጠ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና ሊያየው እንደሚችል ይናገራል። አምስት ዓመት ሙሉ 1,800 ብሩ ባለበት የቆመው የኑሮ ውድነቱ ስላልታየ አይደለም፤ ማንም ስላልጠየቀ ነው። በራሱ የሚጨምር ቀለብ የለም። የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረች ልጅ ተማሪ መሆኗ ብቻውን የሁኔታ ለውጥ ነው።

ስትጠይቂ ግን «ኑሮ ተወደደ» ብለሽ አትሂጂ፤ ዳኛውም ገበያ ይወጣል፣ እሱን መንገር አያስፈልግም። ሕጋችን የገቢውን ይህን ያህል በመቶ የሚል ስሌት የለውም። የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ የልጅቷ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም። ጎረቤትሽ 6,000 ተቆረጠላት ማለት ለአንቺም ያ ይሆናል ማለት አይደለም።

ፍላጎቷን በወረቀት አሳዪ። ቀለብ የሚለውን ቃል ሰምተው ብዙዎች የምግቡን ብቻ ዘርዝረው ይመጣሉ። በሕጉ ቋንቋ ግን ቀለብ ምግብ፣ ልብስ፣ መኖሪያ፣ ሕክምናና ትምህርት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ የክፍያ ደረሰኝ፣ ከተገኘ የመጀመሪያ ዓመቱና የዘንድሮው ጎን ለጎን፤ የትራንስፖርቷ፣ የዩኒፎርሟ፣ የመድኃኒቷ፤ የቤት ኪራይ ውልሽም ይግባ፣ ልጅቷም ጣሪያ ሥር ነው የምታድረው። የእያንዳንዱን የወር ድምር ሥሪና ከታች አንድ ቁጥር አስቀምጪ። የራስሽን ገቢም አብረሽ ግለጪ። አንቺም ወላጅ ነሽ፤ ሕጉ የሁለታችሁንም አቅም ያያል። ሙሉ ወጪዋን እሱ ይሸፍን ብለሽ ከጠየቅሽ ከልክ በላይ ስለጠየቅሽ የሚገባሽንም ሊጠራጠሩብሽ ይችላሉ።

አቅሙ ላይ ነው ችግሩ። «እሰማለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ችሎት ላይ «እሰማለሁ» አይጻፍም። የንግድ ፈቃድ ካለው ያወጣበት መሥሪያ ቤት፣ ግብር የሚከፍልበት የገቢዎች ቅርንጫፍ፣ ሒሳብ ያለበት ባንክ መግለጫ እንዲልኩ ፍርድ ቤቱን በስማቸው ጠቅሰሽ ጠይቂ። ለግብር ያሳወቀው ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አኗኗሩ ይመሰክራል፦ የሚከራየው ቤት፣ የገዛው መኪና። ለዚያም የሚያውቁት ምስክሮች አሉሽ።

የጭማሪው ውሳኔ ወደ ፊት የሚሄድ ነው፤ ያለፉትን አምስት ዓመታት በአዲሱ ዋጋ አያሰላልሽም። ስለዚህም ነው የምቸኩልብሽ። ውሳኔው ካላረካሽ ይግባኝ የምትዪበት ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ለእሱም እንዲሁ።

«ሌላ ቤተሰብ አለኝ» ስለሚለው ነገር። እውነት ነው፣ ዳኛው ያየዋል። አዲሱ ሕፃንም ልጁ ነው፣ እሱም መብላት አለበት። ግን ሁለተኛ ልጅ መወለድ የመጀመሪያዋን ልጅ አይሰርዛትም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የልጆች መብት ሲጻፍ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱት እንኳ በጋብቻ ከተወለዱት እኩል እንደሆኑ ተደንግጓል፤ በመጀመሪያ ትዳር የተወለደች ልጅ ከሁለተኛው ትዳር ልጅ ታንሳለች የሚል ሰው ከየትኛው ሕግ አገኘው?

ይህን ዓምድ የሚያነቡ አባቶችም አሉ፤ ለእነሱ ሁለት ቃል ልጨምር። ሥራ የለቀቀ፣ የታመመ፣ ከደመወዝ የወረደ አባት ቀለቡ እንዲቀነስለት የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው፤ የሁኔታ ለውጥ ማለት ወደ ላይ ብቻ አይደለም። ስህተቱ መቸገሩ ሳይሆን ሳይጠይቅ ራሱ ዳኛ ሆኖ ማቆሙ ነው። አዲስ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የቀድሞው በየወሩ ዕዳ እየጨመረ ይሄዳል። ሥራውን በለቀቀ በማግሥቱ አንድ ገጽ አቤቱታ ያስገባ ሰው ከዓመት በኋላ ከሚጠብቀው አፈጻጸም ራሱን ያድናል። በእጅ የምትሰጡም ተዉ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፣ ምክንያቱ ላይም «የመጋቢት ወር ቀለብ» ብላችሁ ጻፉ። ለልጅ የገዛችሁት ጫማና ቦርሳ ፍቅር ነው፤ ፍርድ ቤቱ የወሰነውን ወርሃዊ ክፍያ ግን አይተካም።

ወደ አንቺ ልመለስ። «በወንጀል ልክሰሰው?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ ግን አንድ ሰው ሹክ ማለቱ አይቀርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የማይሰጥን ሰው በግል አቤቱታ ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። መኖሩን እወቂ። እኔ ግን የመጨረሻ አደርገዋለሁ። የታሰረ ሰው መኪና አይነዳም፣ የማይነዳ ሰው 1,800 ብርም የለውም፤ ልጅሽም «አባቴን እናቴ አሳሰረችው» የሚል ነገር ተሸክማ ታድጋለች። ገንዘብ እያለው፣ አፈጻጸሙም ተሞክሮ፣ እየደበቀና እያሾፈብሽ እንደሆነ ከታወቀ ያኔ ሌላ ነው።

ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ የሚስተናገድበት መንገድ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አለ፤ ሬጅስትራሩን ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተቸገሩ ሴቶች ነጻ የሕግ ምክርና ድጋፍ ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። የአፈጻጸም ማመልከቻ ደግሞ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም፤ ሰንጠረዥሽን በደንብ ከሠራሽ ግማሹን ሠራሽው።

ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ሆናችሁ የምታነቡ፣ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአንቀጹ ቁጥር ይለያያል። ቁጥሩን የወረዳችሁ ፍርድ ቤት ይነግራችኋል፤ መዘግየት ግን የትም ቢሆን ይጎዳል።

እናትሽን አትቆጪያቸው። «ተገላገይ» ያሉሽ ስላዩሽ ነው፣ ድካምሽን። ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው፣ 216,000 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ። ልጅሽን ግን በዚህ ውስጥ አታስገቢያት። «አባትሽን ክፍያ ላክ በዪው» ብለሽ መልእክተኛ አታድርጊያት፤ ቅዳሜ ስትመለስም «ምን አለሽ፣ ማን ነበር፣ ምን ገዛ» ብለሽ አትመርምሪያት። የመኪናውን ሰሌዳ አንቺው እዪው።

ዛሬ ማታ ለእሱ የምትልኪውን መልእክት እኔ ልጻፍልሽ፣ ቃላቱን እንደፈለግሽ ለውጪ፤ ስድብ ግን አትጨምሪበት፣ ይህ መልእክት ነገ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል፦

«ሰላም። ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ በውሳኔው መሠረት ልጅህን መጥተህ ማየት ትችላለህ። 60 ሺሁን በተመለከተ፣ ለውዝፉና ለሚቀጥሉት ወራት ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ተጽፎ ፍርድ ቤት ከጸደቀ እቀበላለሁ፤ ወደፊት አልጠይቅም ብዬ ግን አልፈርምም። የአምስት ወር ያልተከፈለ ቀለብ 9,000 ብር ነው፤ ቀደም ሲል የተዘለሉትን ወራት ዝርዝር እልክልሃለሁ። እስከ ሐሙስ መልስ ካልሰጠኸኝ ዓርብ የአፈጻጸም ማመልከቻዬን አስገባለሁ።»

ዓርብ ከመድረሱ በፊት ግልባጩን አውጪ። እሱ መልስ ሰጠም አልሰጠም ያስፈልግሻል።